ጎልማሳው፣ ቪዮላውና ከባዱ ኮንሰርቶ

ቪዮላ ባለ አራት ክር መሣሪያ ነው። መልኩ ቫዮሊን ይመስላል፤ እንደ ቫዮሊንም በትከሻና በአገጭ መካከል ተይዞ በቀስት ይገዘገዛል። የሚለያዩት በአካልና በድምፅ ነው። የቫዮሊን አካል ርዝመቱ 35.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አዋቂዎች የሚጫወቱበት ቪዮላ ከ38 እስከ 43 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ክሮቹ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲቆጠሩ ዶ፣ ሶል፣ ሬ እና ላ ናቸው። ወፍራሙ ዶ በሴኮንድ 131 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የቫዮሊን ወፍራም ክር ግን 196 ጊዜ ነው። በዚህ ምክንያት የቪዮላ ድምፅ ጥልቅና ረጋ ያለ፣ ጥቂትም የታፈነ ነው። ቫዮሊን አደባባይ ላይ ሲዘፍን፣ ቪዮላ እልፍኝ ውስጥ ያወጋል።

ይህን መሣሪያ በአዋቂነት የጀመረ ሰው ከሁለትና ሦስት ዓመት ትምህርት በኋላ አንድ ቀን መምህሩ ሙሉ ኮንሰርቶ፣ ማለትም አንድ መሣሪያ ፊት ሆኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሥራ፣ ያወጣለታል። ከዚያ በፊት የተጫወታቸው አጫጭር ዜማዎች ነበሩ፤ አሁን የተቀመጠለት አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ደቂቃ የሚፈጅ፣ አራት ክፍል ያለው ሥራ ነው። ብዙ ጎልማሶች መሣሪያውን የሚተዉት እዚህ ላይ ነው፤ ሥራው ከአቅማቸው በላይ ስለሆነ ሳይሆን የአጠናኑን መንገድ ስለማያውቁት ነው። ከባድ ሥራ ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ በመጫወት አይያዝም። መጀመሪያ ይበተናል፤ ቁርጥራጩ በዝግታ ይታሻል፤ ከዚያም እንደገና ይገጣጠማል።

ከማሲንቆ እስከ ቪዮላ

ክርን በጭራ ገዝግዞ ማናገር ለኢትዮጵያ አዲስ ጥበብ አይደለም። ማሲንቆ ቆዳ የለበሰ ባለ አራት ማዕዘን አካልና አንድ የፈረስ ጭራ ክር አለው፤ ደጋኑም በጭራ የተወጠረ ነው። አዝማሪው ጣቶቹን ክሩ ላይ ያሳርፋል እንጂ ክሩን እስከ እንጨቱ ድረስ አይጫንም። ቪዮላ ላይ ግን ክሩ በጣት ተጭኖ ከጥቁሩ ሰሌዳ ጋር ይገናኛል። ማሲንቆ የለመደ ሰው ቪዮላ ሲይዝ ቀኝ እጁ ቶሎ ይገራል፤ የቀስቱ መሄድና መመለስ፣ ጭራውን ሙጫ መቀባት፣ ክሩ ሲይዝና ሲያንሸራትት የሚሰማው ስሜት የሚያውቀው ነው። ግራ እጁ ግን ከሀ ይጀምራል።

ቫዮሊንና ቤተሰቦቹ በኢትዮጵያ የተስፋፉት በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከውጭ በመጡ መምህራንና ውጭ ሄደው በተማሩ ኢትዮጵያውያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ተወልደው በ2023 ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ዛሬ የሚታወቁት በፒያኖ ይሁን እንጂ፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ውስጥ የተማሩት ቫዮሊን ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ ኮንቶሮቪችም በኋላ አዲስ አበባ መጥተው የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ በአቀናባሪውና በተመራማሪው በአሸናፊ ከበደ መሪነት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሥራውን ጀመረ። በዚያ ትምህርት ቤት ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገናና ዋሽንት ከፒያኖና ከቫዮሊን ቤተሰብ ጋር ጎን ለጎን ሲሰጡ ኖረዋል። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። በከተማዋ ለጎልማሶች በግል ከሚያስተምሩ የባለ ክር መሣሪያ ተጫዋቾች መካከልም ሥራቸው ከዚህ ቤት ጋር የተያያዘ ብዙዎች ናቸው።

ቦሌና ምሥራቁ

የቦሌ፣ የገርጂ፣ የሰሚት፣ የሲ.ኤም.ሲ. እና የአያት ነዋሪ የሆነ ጎልማሳ ተማሪ ከሙዚቃው በፊት የሚያወራርደው የጊዜ ሒሳብ አለ። ሥራ ውሎ፣ መገናኛ ላይ ተሰልፎ ቤቱ ሲደርስ መሽቷል። ስለዚህ የትምህርቱ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይሆናል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የለቅሶ፣ የእድርና የማኅበር ቀን ነው፤ ጥር ሲገባማ ሠርጉ ተከታትሎ ይመጣል። አንድ ሥራ በሦስት ወር አጠናለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ከሳምንታቱ ሁለቱ ወይም ሦስቱ እንደሚባክኑ አስቀድሞ ቢቆጥር ኋላ ተስፋ አይቆርጥም።

መጓጓዣው ራሱ ሊጠቅም ይችላል። ከአያት ተነሥቶ በሲ.ኤም.ሲ.፣ በጉርድ ሾላና በመገናኛ አልፎ እስከ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በባቡር ውስጥ ቪዮላ አይወጣም፤ የተቀረጸ ሙዚቃ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ኖታውን በዓይን መከተል ግን ይቻላል። ይህ ከልምምድ የሚቆጠር እውነተኛ ሥራ ነው፤ ጣት ክር ከመንካቱ በፊት ዜማው በጆሮ ውስጥ ቦታውን ይይዛልና። የመሣሪያው ሳጥን ሰው በበዛበት ቦታ ቆሞ ከፊት ታቅፎ ቢያዝ ይሻላል፤ ጀርባ ላይ የተንጠለጠለ ሳጥን በሰው ግፊት ሊጎዳ ይችላል።

በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ሁለተኛው ጉዳይ ጎረቤት ነው። የቪዮላ ወፍራም ክሮች ድምፅ በግድግዳና በወለል በቀላሉ ያልፋል። ክሮቹን በተሸከመችው ትንሽ እንጨት ላይ የሚሰካ የጎማ ማፈኛ ድምፁን በብዙ ይቀንሰዋል። ከማፈኛው በላይ የሚሠራው ግን ጎረቤትን ማነጋገር ነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ከ40 እንደሚለማመድ ባስታወቀ ሰው የሚከፋ ጎረቤት ጥቂት ነው።

ሦስተኛው አየሩ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ በ2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፤ በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ይበዛል። እንጨት በደረቅ አየር ይኮማተራል፣ በእርጥብ ያብጣል። በጥርና በየካቲት የክር ማጥበቂያዎቹ ይላላሉ፤ መሣሪያው ከሳጥኑ ሲወጣ ክሮቹ ተፈተው ሊገኙ ይችላሉ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ማጥበቂያዎቹ ተጣብቀው አልዞር ይላሉ። በሁለቱም ወቅት መሣሪያው ፀሐይ ከሚመታው መስኮትና ከቆመ መኪና ርቆ በተዘጋ ሳጥኑ ውስጥ ሊቀመጥ ይገባል። ቪዮላ እንደ ጊታርና እንደ ኪቦርድ በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ ስላልሆነ፣ የተሰነጠቀ አካል ወይም የተበጠሰ ክር ሳምንታት ሊያስቆም ይችላል። ትርፍ ክር በሳጥኑ ኪስ መያዝ ግድ ነው።

የሚጠናው ሥራ

የጀማሪነትን ደረጃ ላለፈ የቪዮላ ተማሪ በዓለም ዙሪያ መጀመሪያ ከሚሰጡት ትልልቅ ሥራዎች አንዱ የጌኦርግ ፊሊፕ ቴሌማን ኮንሰርቶ በሶል ሜጀር ነው። ቴሌማን እ.ኤ.አ. ከ1681 እስከ 1767 የኖረ ጀርመናዊ አቀናባሪ ነው። ይህን ሥራ የጻፈው ከ1716 እስከ 1721 ባሉት ዓመታት ውስጥ እንደሆነ ይገመታል። ለቪዮላ ተጽፈው ከሚታወቁት ኮንሰርቶዎች ቀዳሚው ተደርጎም ይቆጠራል። እስከዚያ ዘመን ቪዮላ በኦርኬስትራ መካከል ተቀምጦ የሌሎችን ዜማ የሚሞላ መሣሪያ ነበር፤ ቴሌማን ከመካከል አውጥቶ ፊት አቆመው።

ሥራው አራት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ላርጎ ይባላል፤ ዝግ ያለ፣ ረጃጅም ድምፆች የሚያዙበት ነው። ሁለተኛው አሌግሮ ፈጣን ሲሆን መክፈቻው ላይ ከምቱ ቀድመውና ዘግይተው የሚወድቁ ድምፆች አሉ፤ ያ አረማመድ በክፍሉ ሁሉ መልኩን እየለወጠ ይመለሳል። ሦስተኛው አንዳንቴ በሚ ማይነር የተጻፈ፣ የትካዜ መልክ ያለው ነው። አራተኛው ፕሬስቶ ከሁሉም ፈጣን ነው። አንድ ሥራ ዝግታንም፣ ምትንም፣ ኀዘንንም፣ ፍጥነትንም በየተራ ስለሚያስተምር ለትምህርት እጅግ የተመቸ ነው። ለጎልማሳው የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንዱን ሲለምድ ሌላው ገና ነው።

ኖታው

የቪዮላ ኖታ ለብዙዎች እንግዳ ነው። ቫዮሊንና ዋሽንት በሶል ቁልፍ ይጻፋሉ፤ ቪዮላ ግን በዶ ቁልፍ ይጻፋል። ቁልፉ ከአምስቱ መስመሮች መካከለኛውን ይዞ «ዶ እዚህ ነው» ይላል። ከታች ወደ ላይ መስመሮቹ ፋ፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ እና ሶል ይሆናሉ። ቀድሞ ፒያኖ ወይም ጊታር በኖታ የተማረ ሰው ዓይኑ አሮጌውን ስም ስለሚጠራ ለተወሰኑ ሳምንታት ይምታታል። መድኃኒቱ በየቀኑ አምስት ደቂቃ ቪዮላ ሳይዙ ኖታውን ጮክ ብሎ በስሙ ማንበብ ነው።

ይህን የአነባበብ ልዩነት ለመረዳት አገር በቀሉን ጽሕፈት ማየት ይጠቅማል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከድጓው ቃላት በላይ የሚቀመጡት የዜማ ምልክቶች በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጁ ይነገራል። ምልክቱ ቀድሞ ከመምህር አፍ የተሰማን ዜማ ያስታውሳል፤ ዜማውን ላልሰማ ሰው ብቻውን አይናገርም። የአውሮፓው ኖታ በሌላ በኩል የእያንዳንዱን ድምፅ ከፍታና ርዝመት ስለሚያሳይ ፈጽሞ ያልተሰማ ሥራ ከወረቀት ሊነሣ ይችላል። እርሱም ቢሆን ሁሉን አይናገርም። ድምፁ የት እንደሚጨምርና የት እንደሚከስም፣ አንዱ ሐረግ ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚተነፍስ የሚማሩት ከመምህር ነው። ስለዚህ የዜማ ቤቱ ልማድ፣ መምህሩ ያሰማል ተማሪው ይመልሳል የሚለው፣ በቪዮላ ክፍልም ሥራውን አይለቅም።

ግራ እጅና በቅኝት ያደገ ጆሮ

በቪዮላ ሰሌዳ ላይ እንደ ጊታር ያሉ የብረት መለያዎች የሉም። ጣቱ የሚያርፍበትን ቦታ የሚወስነው ጆሮ ነው። የሁለት ሚሊ ሜትር መንሸራተት ለሰለጠነ ጆሮ ይሰማል። እዚህ ላይ የኢትዮጵያዊው ጎልማሳ ጆሮ ሀብትም ፈተናም ይዞ ይመጣል።

ሀብቱ ጆሮው ዜማን በቃሉ የመያዝ ልምድ ያለው መሆኑ ነው። ፈተናው ከቅኝት ይነሣል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች ናቸው። ሜጀር ትዝታን ከሶል ብንጀምረው ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይሆናል። የቴሌማን ሥራ የተጻፈበት ሶል ሜጀር ግን ሰባት ድምፅ አለው፤ ከትዝታው በላይ ዶ እና ፋ ሻርፕ ይጨመራሉ። ሁለቱም ከጎረቤታቸው በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚርቁ ናቸው፤ ዶ ሲን ተጠግቶ ይቆማል፣ ፋ ሻርፕ ደግሞ ወደ ሶል ተጠግቶ ይጠብቃል። በቅኝት ያደገ ጆሮ አምስቱን ድምፆች አጥርቶ ሲያገኛቸው፣ ብዙ ጊዜ የሚስታቸው እነዚህን ሁለቱን ነው። ዶ ከቦታው ከፍ ይላል፤ ፋ ሻርፕ ዝቅ ይላል።

ማረሚያው ስህተቱን በስሙ ማወቅ ነው። ተማሪው ሶል ሜጀርን ከማጥናቱ በፊት በሶል የተቃኘውን ትዝታ ይጫወታል፤ ይህ ቤቱ ስለሆነ በቀላሉ ይጠራል። ከዚያ ዶን ብቻ ጨምሮ ይደግመዋል፤ ቀጥሎ ፋ ሻርፕን ብቻ፤ በመጨረሻ ሁለቱን አንድ ላይ። ሰባቱ ድምፆች ከአምስቱ ሲበቅሉ ጆሮው የእንግዶቹን ቦታ ይለያል።

መሣሪያው ራሱም ይረዳል። በሶል ክር ላይ በሦስተኛው ጣት የሚያዘው ዶ ልክ ሲሆን ባዶው የዶ ክር አብሮት ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁም ይሰፋል። በሬ ክር ላይ በሦስተኛው ጣት የሚያዘው ሶል ልክ ሲሆን የሶል ክር ይመልስለታል። ጣቱ ጥቂት ከሳተ ይህ ማስተጋባት ይጠፋል። ፋ ሻርፕ እንዲህ የሚያግዘው ባዶ ክር ስለሌለው በዜማ ይፈተናል፤ ወደ ሶል ለመውጣት የሚቸኩል ሆኖ ከተሰማ ቦታውን አግኝቷል።

ሌላው የግራ እጅ ችግር የሁለተኛው ጣት ነው። በሬ ክር ላይ ፋ ሻርፕን ለመያዝ ሁለተኛው ጣት ከመጀመሪያው ራቅ ብሎ ከሦስተኛው ይጠጋል። በላ ክር ላይ ግን ዶን ለመያዝ ወደ መጀመሪያው ጣት ይጠጋል። በአሌግሮው ውስጥ ተማሪው ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ሲሻገር ይህ ጣት ቦታውን መለወጥ አለበት። ፈጥኖ ሲጫወት ጣቱ ይረሳል። ይህን መሻገሪያ ብቻ አውጥቶ፣ አራት ድምፅ አድርጎ፣ በዝግታ ሃያ ጊዜ መጫወት ሙሉውን ገጽ አምስት ጊዜ ከመድገም ይበልጣል።

ቀኝ እጅና ቀስት

የቪዮላ ቀስት ክብደቱ 70 ግራም ያህል ነው፤ የቫዮሊኑ 60 ግራም ገደማ ይመዝናል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ምክንያት አለው። የቪዮላ ክሮች ወፍራም ስለሆኑ ለመንቀሳቀስ ይዘገያሉ። ድምፁ ከቫዮሊን በአምስት ደረጃ ዝቅ ስለሚል፣ አካሉ ከቫዮሊን አካል ጋር ተመጣጥኖ ቢሠራ 53 ሴንቲ ሜትር ያህል በሆነ ነበር፤ ይህን የሚይዝ ትከሻ ግን የለም። ስለዚህ ቪዮላ ከሚገባው ያነሰ አካል ይዞ ጥልቅ ድምፅ ይጠየቃል። ያን ድምፅ የሚያወጣው ቀስቱ ነው፤ ክንዱ ሳይገፋ ክብደቱን ማሳረፍ፣ ቀስቱም ሳይቸኩል መሄድ አለበት።

ላርጎው የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። አንድ ረጅም ድምፅ ከቀስቱ ሥር ጀምሮ እስከ ጫፉ ሲወስድ፣ የጀማሪ ቀስት ግማሹን ርቀት በመጀመሪያው ምት ይጨርሳል፤ ለቀሪው ምንም አይተርፍም። ልምምዱ ግራ እጅን አሳርፎ በባዶ ክር ይጀምራል። ሦስት ምት ለሚቆጠር ድምፅ ቀስቱ በዓይን ሦስት ቦታ ይከፈልና በእያንዳንዱ ምት አንድ ሦስተኛው ብቻ ይሄዳል። ቁጥጥሩ ሲገኝ ግራ እጅ ይጨመራል።

የአሌግሮው ፈተና ምት ነው። ለችክችካ ያጨበጨበ ሰው ከምት ጋር የሚጣላ ምት አይገርመውም፤ በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት መቁጠር በጭብጨባውና በእስክስታው ውስጥ አለ። የሚያስቸግረው የአራት ምት አረማመድ እየቀጠለ ዜማው በመካከሉ ሲገባ ነው። መሣሪያው ከመያዙ በፊት እግር አራቱን ምት እየመታ አፍ ደግሞ የዜማውን አረማመድ መናገር አለበት። አፍ ያልቻለውን እጅ አይችለውም።

የአንዳንቴ ፈተና የሐረግ ትንፋሽ ነው። ተማሪው ዜማውን መጀመሪያ በአፉ ቢያንጎራጉረው የት መተንፈስ እንዳለበት ሰውነቱ ይነግረዋል፤ ቀስቱም እዚያው ይመለሳል። ፕሬስቶው ፍጥነት ይጠይቃል። ስለ ፍጥነት አማርኛ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል። በፍጥነት የተለማመዱት ፍጥነት በመድረክ ላይ ይፈታል፤ በዝግታ የታጠቁት ይጸናል። ሥራው በደቂቃ 96 ምት የሚጠይቅ ከሆነ ተማሪው ምት ቆጣሪውን ሜትሮኖም 48 ላይ ያስነሣል፤ ያለ ስህተት ሦስት ጊዜ ሲጫወተው ጥቂት ከፍ ያደርገዋል፤ ሲሳሳት አንድ ደረጃ ይመለሳል። በተጨማሪ እኩል የሆኑትን ፈጣን ድምፆች ረጅምና አጭር፣ ቀጥሎም አጭርና ረጅም እያደረጉ መጫወት እያንዳንዱን ጣት በየተራው ያነቃዋል።

የትምህርቱ ሰዓት

ጎልማሳው በሳምንት አንድ ሰዓት ቢማር፣ በሦስት ወር አሥራ ሁለት ሰዓት ከመምህሩ ጋር ይቀመጣል። በሳምንት አምስት ቀን 40 ደቂቃ ቢለማመድ ደግሞ በዚያው ጊዜ 40 ሰዓት ብቻውን ይሠራል። ከአጠቃላዩ ሥራ ከመምህሩ ጋር የሚያልፈው ሩብ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ የትምህርቱ ሰዓት ዋና ዓላማ በሳምንቱ ምን፣ እንዴት እንደሚለማመዱ መማር ነው። ከክፍሉ ሲወጣ ሊሠራቸው የሚገቡትን ሦስት ቦታዎች በእርሳስ ያላሰመረ ተማሪ ሰዓቱን በከንቱ አሳልፏል።

በመልካም ሰዓት ውስጥ መጀመሪያ መሣሪያው ይቃኛል፤ በዝግታ ስኬል ድምፁ ይጠራል። ቀጥሎ ተማሪው ያጠናውን አንድ ጊዜ ሳያቋርጥ ይጫወታል፤ መምህሩም ሳያቋርጠው ይሰማል። ከዚያ ከተሰሙት ስህተቶች አንዱ ወይም ሁለቱ ይመረጣሉ፤ የሰዓቱ አብዛኛው ክፍል በእነሱ ያልፋል። የጣት ቁጥሮችና የቀስት አቅጣጫዎች በእርሳስ ይጻፋሉ። በመጨረሻ መምህሩ የሚቀጥለውን ክፍል ራሱ ተጫውቶ ያሰማል፤ ተማሪው ካስፈቀደ በስልኩ ይቀርጸዋል።

በአዲስ አበባ ክፍሎች ውስጥ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ዕድሜ ነው። ብዙ ጊዜ መምህሩ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት፣ ተማሪው አባት ወይም እናት የሆነ ሰው ነው። ወጣቱ ታላቁን «አንተ ሳትክ» ብሎ አያርምም፤ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህችን ቦታ እንደገና ብንሞክራት» ይላል። ጨዋነቱ መልካም ሆኖ ሳለ እርማቱ ከጨዋነቱ ጋር አብሮ እንዳይለዝብ ያሰጋል። ተማሪውም በልጅ ፊት መሳሳትን ይፈራና ያልቻለውን ደብቆ የቻለውን ብቻ ይጫወታል። ይህን የሚፈታው በመጀመሪያው ሳምንት የሚደረግ ግልጽ ንግግር ነው። ታላቁ «መምህር፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ታናሽ እኔ ነኝ፤ ሳያዝኑልኝ ያርሙኝ» ሲል ክብሩ አይጓደልም። ዕውቀትን ከታናሽ መቀበል በአብነት ትምህርት ቤቶችም የኖረ ልማድ ነው፤ በዚያ የመምህርን ወንበር የሚያሰጠው ትምህርት እንጂ ዕድሜ አይደለም።

በቤት ውስጥ

ጎልማሳ ከልጅ የሚያንስበት ነገር አለ፤ ጊዜው ጥቂት ነው፣ ጣቱም ለመልመድ ይዘገያል። የሚበልጥበትም አለ፤ ችግርን ከፋፍሎ ማየት፣ ምክንያቱን መጠየቅና ዕቅድ መጠበቅ ያውቃል። የቤት ልምምድ በዚህ ብልጫ ላይ መቆም አለበት።

አርባ ደቂቃው ቢከፈል ይመረጣል። አምስት ደቂቃ ለባዶ ክርና ለስኬል፤ አሥር ደቂቃ ከሥራው በጣም ለሚከብደው አንድ መስመር፤ አሥር ደቂቃ ከሌላ ክፍል ለሚመረጥ ሁለተኛ ቦታ፤ አሥር ደቂቃ ትናንት ለተሠራው ክለሳ፤ የቀረው አምስት ደቂቃ ለሚወደው ነገር። በቀን 40 ደቂቃ ለአምስት ቀን መሥራት እሑድ ብቻ ሦስት ሰዓት ከመሥራት ይበልጣል። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በቀናት ተከፍሎ የተጠና ነገር በአንድ ጊዜ ከታጨቀው ይልቅ ይጸናል። በልምምዶቹ መካከል ያለው እንቅልፍም ሥራ ይሠራል፤ ማታ ያልቻሉት መሻገሪያ ጠዋት ቀሎ የሚገኘው ለዚህ ነው።

መብራት ሲጠፋ ልምምድ መቆም የለበትም። በአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት የሚባለው በሌሊት፣ መጽሐፍ በማይታይበት ጊዜ፣ ከመምህር አፍ እየተቀበሉ የሚያጠኑት ነው። ጨለማው ዓይንን ዘግቶ ጆሮን ይከፍታል። የቪዮላ ተማሪም በጨለማ ኖታ ሳያይ አራት መስመር ከቃሉ ቢጫወት፣ ምን ያህል በእርግጥ እንደያዘ ምን ያህሉን ደግሞ ወረቀቱ ሲደግፈው እንደነበር ያውቃል።

ራስን በስልክ ቀርጾ ማዳመጥ ሌላው መሣሪያ ነው። እጅ ሲሠራ ጆሮ ግማሽ ብቻ ይሰማል። በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ገጽ ቀርጾ፣ ቪዮላውን አስቀምጦ፣ እርሳስ ይዞ የሚሰማ ተማሪ ለራሱ መምህር ይሆናል።

ሰውነት

ቪዮላ ሰፊና ከባድ ስለሆነ ሰውነትን ይፈትናል። መጠኑ ሲመረጥ ግራ ክንድ ሙሉ ለሙሉ ተዘርግቶ ጣቶቹ የመሣሪያውን የተጠቀለለ ራስ ያለ ጭንቀት ማቀፍ መቻል አለባቸው፤ ካልቻሉ ያነሰው ይሻላል። ትልቁ ቪዮላ ደኅና ድምፅ ቢኖረውም የሚያም ክንድ አይጫወተውም። ቀኑን ሙሉ በኮምፒዩተር ፊት ወይም በመሪ ጀርባ የዋለ ሰው አንገቱና ትከሻው አስቀድመው ተገትረዋል። ከልምምድ በፊት ትከሻን ማዞርና ክንድን ማራገፍ፣ በየሃያ ደቂቃውም መሣሪያውን አውርዶ ማረፍ ያስፈልጋል። የድካም ስሜት የተለመደ ነው። የሚወጋ ሕመም ወይም የጣት መደንዘዝ ግን ማቆሚያ ነው፤ ሳይድን በጉልበት መቀጠል ወራትን ያሳጣል።

ማገጣጠምና ማሰማት

በሁለት ወር ውስጥ የተበተኑት ቁርጥራጮች መገጣጠም ይጀምራሉ። ማገጣጠሙ ከኋላ ቢጀመር ይረዳል፤ መጀመሪያ የክፍሉ የመጨረሻ አራት መስመር፣ ከዚያ ከእሱ በፊት ያሉት ተጨምረው እስከ መጨረሻ። ከፊት ብቻ የሚለማመድ ተማሪ መክፈቻውን በጣም ያውቀዋል፤ ወደ ፍጻሜው ሲሄድ ግን የማያውቀው መንገድ ላይ ይገባል። ከኋላ የተገጣጠመ ሥራ እየተጫወቱት በሄዱ ቁጥር ይበልጥ ወደሚያውቁት ያደርሳል።

ኮንሰርቶ ብቻውን የሚጫወቱት ሥራ አይደለም። ቴሌማን የጻፈው ቪዮላ ከክር መሣሪያዎች ጋር እንዲጫወት ነው፤ በትምህርት ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ፒያኖ ወይም ኪቦርድ ቦታቸውን ይይዛል። በመጀመሪያው የጋራ ልምምድ ተማሪው ዝም የሚልባቸውን ምቶች መቁጠር፣ ሲሳሳት ሳይቆም መዝለልና ከሌላው ጋር መገናኘት ይማራል። ብቻውን ሲለማመድ ስህተቱን ተመልሶ ማረም ልማዱ ነበር፤ ከሌላ ጋር ሲጫወት ግን ያለፈው ምት አልፏል። ስለዚህ ከማሰሚያው ቀን በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ ምንም ቢሳሳት ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻ የመጫወት ልምምድ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው መድረክ ሳሎን ሊሆን ይችላል። ቤተሰብና ሁለት ጎረቤቶች፣ ቡና ከመፈላቱ በፊት አንድ ክፍል ብቻ። በሰው ፊት እጅ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ መጀመሪያ የሚታየው በቀስቱ ላይ ነው። ላርጎውን አስቀድሞ መጫወት ስለዚህ ከባድ ነው፤ አሌግሮው ግን በጉልበቱ እጁን ያሞቀዋል። ከሦስት አራት እንዲህ ያሉ ማሰሚያዎች በኋላ መንቀጥቀጡ ባይጠፋም መታወቂያ ያገኛል፤ የታወቀ ፍርሃት ደግሞ ሥራውን አያቋርጥም።

አንድ ሥራ ተጠንቷል የሚባለው ተማሪው ከየትኛውም መስመር በተጠየቀ ጊዜ ሊጀምረው ሲችል፣ ከተወሰነው ፍጥነት በታችም በላይም ሊጫወተው ሲችል፣ ከአንድ ሳምንት ዕረፍት በኋላም ሳይበተን ሲያገኘው ነው። ከዚያ በኋላ መምህሩ ወደ ቀጣዩ ያልፋል፤ ብዙውን ጊዜ ለቪዮላ የተመለሱት የባኽ የቼሎ ስዊቶች ወይም የሆፍማይስተርና የሽታሚትዝ ኮንሰርቶዎች ይከተላሉ። የተጠናው ሥራ ግን በሳምንት አንድ ቀን እንደ ክለሳ ይጫወታል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ መስመር ያስጨነቀው ሰው በዚያ ቀን አራቱን ክፍሎች በሩብ ሰዓት ውስጥ ያልፋቸዋል።